ሰዓት ማን ያዘለት?

ባለፈው ወር ሰልጣኞችን አስከትዬ አምስት ኪሎ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ሄጄ ነበር። ጉብኝቱ የተዘጋጀው ለኅብረተሰብ ሳይንስ ሰልጣኞች ነው፤ እኔ የፊዚክሱ ሰው የተጨመርኩት አጃቢ መምህር በመጥፋቱ መሆኑን ብደብቃችሁ ውሸት ይሆንብኛል። እንዲያውም መንገድ ላይ «ዛሬስ ከስሌት ተገላገልኩ» እያልኩ ነበር የምሄደው።

ከድንቅነሽ ፊት ስንደርስ ገለጻ የሚያደርግልን ሰው «ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው» አለን። ሁሉም ጻፈ። ጽፈን ልናልፍ ስንል አንዲት ሰልጣኝ (ስሟን አልጠራም፤ ይህን ቆማ ስታነብ ራሷን ታውቃለች) እጇን አወጣችና «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን ሁሉ ዘመን ሰዓት ማን ያዘላት?» ብላ ጠየቀች። ሳቅ በሳቅ ሆነ። እኔ ግን ሳቁ ከጉሮሮዬ አልወጣ አለኝ። ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁና ነው። ያን ጊዜ የሰጠሁት መልስ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ከአዲስ አበባ ራቅ ባለች አንዲት ከተማ 12ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ስለ አቶም አስኳል ሳስተምር መጽሐፉ የማይጠይቀውን ነገር ከኮሌጅ ደብተሬ አውጥቼ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ለምን ጻፍክ ብትሉኝ ማወቄን ለማሳየት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። የጻፍኩትም ይህ ነበር፦ «ዩራኒየም 238፣ የመጀመሪያው የተነሳሳ ሁኔታ፣ ግማሽ ዕድሜ 0.0000000002 ሰከንድ»። ዜሮዎቹን ስደረድር ጠመኔው ሲንጫጫ አሁንም ይሰማኛል።

ከኋላ ተርታ የሚቀመጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ከእናቱ ጋር ጤፍ ሲሰፍር የማየው አንድ ልጅ ተነሳ። «መምህር፣ ይቺን ለምታህል ጊዜ ሰዓት ማን ያዘለት?» አለኝ። ልብ በሉ፤ ልጁ ሰፋሪ ነው። ስፍሩን ሳያዩ ቁጥሩን መቀበል ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። እኔ ግን «አንተ ቁጥሩን ያዝ፤ ፈተና ላይ የሚመጣው ቁጥሩ እንጂ ሰዓት ያዡ አይደለም» አልኩት። ክፍሉ ሳቀበት። እውነቱን ለመናገር መልሱን አላውቀውም ነበር፤ «አላውቅም» ማለት ደግሞ ያን ጊዜ ለእኔ ተማሪ ፊት ራቁት የመቆም ያህል ነበር። ልጁ ከዚያ ቀን በኋላ ዓመቱን ሙሉ ስም ስጠራ «አቤት» ከማለት በቀር ድምፁን አላሰማኝም።

እንግዲህ ዛሬ የምጽፈው ለእሱ ሳልሰጠው የቀረሁትን መልስ ነው። ለሙዚየሟ ጠያቂም ዕዳዬን እግረ መንገዴን እከፍላለሁ።

መጀመሪያ ስለ ምን እንደምናወራ እንስማማ። በአቶም መሐል ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች ተጣብቀው የሚኖሩበት አስኳል አለ። ይህ አስኳል በግጭት፣ ወይም ከሌላ አስኳል ተለውጦ ሲወለድ፣ ትርፍ ጉልበት ይዞ ሊገኝ ይችላል። ያን ጊዜ ተነሳስቷል እንላለን። ተነሳስቶ ግን አይቀርም፤ ትርፉን ጉልበት ብዙውን ጊዜ በጋማ ጨረር መልክ ይለቅና ይረጋል። በመነሳሳቱና በመርጋቱ መካከል ያለችው ጊዜ ናት ዕድሜው የምንላት።

ይህ ዕድሜ ከአስኳል አስኳል ሲለያይ ለጉድ ነው። የታንታለም 180 አንደኛው የተነሳሳ ሁኔታ ሲረጋ እስካሁን ያየው የለም፤ ከዓለማት ዕድሜ፣ ማለትም ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት፣ እጅግ እንደሚበልጥ ብቻ ነው የታወቀው። የሃፍኒየም 178 አንዱ 31 ዓመት ግማሽ ዕድሜ አለው። ሐኪሞች የእንቅርት ሕመምተኛን ሲመረምሩ የሚጠቀሙበት የተነሳሳው ቴክኒሺየም 99 ደግሞ 6 ሰዓት ነው። ጠዋት የተዘጋጀው ወደ ማታ ግማሹ የለም። ወደ ታች ሲወረድ ናኖሰከንድ ይመጣል፤ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ማለት ነው። ከዚያም ፒኮሰከንድ፣ የናኖሰከንድ ሺኛ። አብዛኛው የተነሳሳ አስኳል የሚኖረው እዚያ ታች ነው። ረጅም ዕድሜ ያላቸው ጥቂቶቹ ናቸው። የእነዚህን የመጀመሪያውን ምሳሌ ያገኘው ጀርመናዊው ኦቶ ሃን ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1921 ነው። በዩራኒየም ዝርያዎች ውስጥ አንዱ አስኳል በሁለት የተለያየ ዕድሜ ሲኖር አገኘው። ምክንያቱ እስኪብራራ 15 ዓመት ያህል አለፈ። ሃን የቸኮለ አይመስልም።

«ግማሽ ዕድሜ» ስንል ደግሞ ብዙ ሰልጣኝ የሚሳሳትባት ነገር አለች። «ግማሹ ዛሬ አለቀ፣ ቀሪው ግማሽ በሚቀጥለው ዙር ያልቃል» ይላሉ። አይደለም። ይህን በምን ላሳይ ብዬ ተጨንቄ በመጨረሻ የረዳኝ ስሙኒ ነው። በክፍሌ ያሉትን 46 ሰልጣኞች አስቆምኩና ሁሉም ስሙኒ ወደ ላይ ወረወሩ። አንበሳ የወጣለት ይቀመጣል። በመጀመሪያው ውርወራ 25 ቆመው ቀሩ፤ ቀጥሎ 12፤ ከዚያ 5፤ ከዚያ 3። አንድ ረጅም ልጅ ሰባት ጊዜ ወርውሮ አንበሳ እምቢ አለው፤ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ማን መቼ እንደሚቀመጥ ማንም አያውቅም፤ ክፍሉ በጠቅላላው ስንት እንደሚቀር ግን በግምት ይታወቃል። ደግሞም ሰባት ጊዜ የቆመው ልጅ ስምንተኛው ላይ «ተራው ደርሷል» አይባልም፤ ስሙኒው ያለፈውን አያስታውስም። አስኳልም እንዲሁ ነው፤ አያረጅም። (የሐሙስ ምድብ ሰልጣኞች ስሙኒ ይዛችሁ ኑ። የሌላችሁ ባቄላ አንድ ጎኑን በከሰል ቀብታችሁ ብታመጡም ይሠራል፤ ልዩነቱ ባቄላው ለሁለቱም ጎን እኩል ስለማያደላ ከእያንዳንዱ ውርወራ በኋላ የሚቀረው በትክክል ግማሽ አለመሆኑ ነው። ለምን እንደማያስቸግር ራሳችሁ አስቡበት።)

እውነተኛውን አስኳል ስለካ ራሴን ያገኘሁት ከዚያች ከተማ ከወጣሁ ከዓመታት በኋላ፣ ለክረምት ኮርስ አዲስ አበባ በመጣሁ ጊዜ ነው። አምስት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ የጋይገር ቆጣሪና አንዲት አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ሰጡን። ዕቃዋ ውስጥ ሲዚየም 137 አለ። የሲዚየሙ ግማሽ ዕድሜ 30 ዓመት ነው፤ ሲለወጥ ግን ከመቶ 95 ያህሉ ጊዜ የሚወልደው የተነሳሳ ባሪየም 137 ነው። የዚህኛው ግማሽ ዕድሜ 2.55 ደቂቃ፣ ማለትም 153 ሰከንድ ነው። ለሰው ልጅ የእጅ ሰዓት የተመቸ፣ ደግ ዕድሜ። በዕቃዋ ውስጥ ትንሽ አሲድ ያለበት የጨው ውሃ ሲያሳልፉ ባሪየሙ ብቻ ታጥቦ በጠብታ ይወጣል፤ ሲዚየሙ እዚያው ይቀራል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ አዲስ ባሪየም ይጠራቀማል። ከጎኔ የነበረ የወሎ መምህር «ይቺማ የምትታለብ ላም ናት» አለ፤ ትክክል ነው።

በየግማሽ ደቂቃው መቁጠር ጀመርኩ። መጀመሪያ 812። አምስት ጊዜ ቆጥሬ ሁለት ደቂቃ ተኩል ሲሞላ ወደ ግማሽ ገደማ ወርዷል። በ15ኛው ደቂቃ ላይ 24 ብቻ ቀረ። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቁጥር ይዤ፣ መካከል ያለውን በስንፍና ዘልዬ፣ አሰላሁ፤ 177 ሰከንድ ወጣልኝ። መጽሐፉ 153 ይላል። ቆጣሪው ተበላሽቷል ብዬ ላቤ ሲወርድ የላቦራቶሪው ረዳት፣ ሽበታም ሰውዬ፣ ከኋላዬ መጥተው ወረቀቴን ተመለከቱ።

«ልጄ፣ ባዶውን ቆጥረሃል?»

«ባዶውን ማለት?»

«ምንም ሳታስቀምጥ። ግድግዳውም፣ አየሩም፣ አንተም ራስህ ጨረር አላችሁ እኮ። ጤፍ ከነጆንያው ተመዝኖ ያውቃል?»

ጠብታውን አንስቼ ባዶውን ቆጠርኩ፤ በግማሽ ደቂቃ 10። ከ812 ላይ 10 ቢቀነስ ምንም አይጎዳም። ከ24 ላይ 10 ሲቀነስ ግን 14 ብቻ ይቀራል። ስሌቱን ስደግመው 154 ሰከንድ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ለመጽሐፉ ይህን ያህል መቅረቡ የዕድል ነገርም አለበት፤ በ14 ቁጥር ላይ የቆመ ስሌት ወዲያና ወዲህ ይወላገዳል። ደስታዬን ግን አልቀነሰውም። እሳቸው «ጆንያ» ሲሉ ያ የጤፍ ሰፋሪ ልጅ ፊቴ ድቅን አለ። ሁለት ደቂቃ ተኩል ዕድሜ ያለውን አስኳል ሰዓት የያዝኩለት እኔው ራሴ ነኝ። የእሱን ጥያቄ ግን ገና አልመለስኩም። የእሱ ዩራኒየም ከዚህ ብዙ መቶ ቢሊዮን ጊዜ ይፈጥናል።

በዚያ ምሽት ከኮርሱ አስተማሪ ጋር አምስት ኪሎ ቆመን ወደ አራት ኪሎ የሚወርድ ታክሲ እንጠብቅ ነበር። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ሲናገር እጁን የሚያወናጭፍ ሰው ነው። የሆዴን አወጣሁለት፤ ስለ ልጁም ነገርኩት። አልሳቀም። «ናኖሰከንዱ አያስቸግርም» አለኝ። «አንድ አስኳል ከላይኛ ደረጃ ወደ መካከለኛ ሲወርድ አንድ ጋማ ይለቃል፤ ከመካከለኛው ወደ ታች ሲወርድ ሌላ ጋማ። የፊተኛው የመካከለኛው ደረጃ ልደት ነው፤ የኋለኛው ቀብሩ። ሁለት ጠቋሚ መሣሪያ ታቆማለህ፤ አንዱ ልደቱን ሲሰማ የኤሌክትሮኒክስ ሰዓት ያስጀምራል፣ ሌላው ቀብሩን ሲሰማ ያስቆማል። ይህን መቶ ሺህ ጊዜ ትደጋግማለህ። ከዚያ እንደ ባሪየምህ ነው፤ እያነሰ የሚሄደውን መስመር ማየት ነው።» ያ የእኔ ዩራኒየም 0.2 ናኖሰከንድ በዚህ መንገድ ይደረስበታል።

ናኖሰከንድ ምን እንደምታህል ለማወቅ የ30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያችሁን አንሱ። ብርሃን በአንድ ናኖሰከንድ 30 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። አንድ ማስመሪያ፣ አንድ ናኖሰከንድ። በፒኮሰከንድ ግን ከማስመሪያው ላይ አንዷን ሚሊ ሜትር እንኳ አይጨርስም።

«ፒኮሰከንዱንስ?» አልኩት።

«ጥቂት ፒኮሰከንድ ድረስ በሰዓት የሚደርሱ አሉ፤ ግን እዚያ ሰዓቱ ራሱ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ያን ጊዜ ሰዓቱን ትተህ መንገዱን ትለካለህ።»

ይህን ሲል ታክሲው መጣ፤ ገባን። ከዚህ በኋላ ያለውን ያስረዳኝ በታክሲው ነው፤ እኔም ሳስተምር ከዚያ ታክሲ ወርጄ አላውቅም።

ታክሲው ከአምስት ኪሎ ተነስቶ በአንድ ፍጥነት ወደ አራት ኪሎ ይወርዳል እንበል። ተሳፋሪዎቹ የተነሳሱ አስኳሎች ናቸው። እያንዳንዱ ተሳፋሪ መቼ እንደሆነ በማይታወቅ ቅጽበት አንድ ጊዜ ብቻ «ወራጅ አለ!» ብሎ ይጮሃል። ጩኸቱ ጋማ ጨረሩ ነው። እናንተ አራት ኪሎ ቆማችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ታዳምጣላችሁ። ወደ እናንተ እየመጣ ያለ መኪና ጡሩምባ ከቆመ መኪና ጡሩምባ ይልቅ ቀጥኖ እንደሚሰማ ታውቃላችሁ፤ ዶፕለር የተባለው ሳይንቲስት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስረዳው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ታክሲው እየሮጠ ሳለ የጮኸ ተሳፋሪ ድምፁ ቀጠን ብሎ፣ አራት ኪሎ ደርሶ ታክሲው ከቆመ በኋላ የጮኸ ደግሞ እንዳለ ይሰማችኋል። ሁለቱን ዓይነት ድምፅ ለየብቻ ቁጠሩ። መቆሚያውን ወደ አምስት ኪሎ ብታስጠጉት መንገድ ላይ የሚጮኸው ያንሳል፤ ብታርቁት ይበዛል። ግማሹ መንገድ ላይ፣ ግማሹ ከቆመ በኋላ የሚጮኽበትን ርቀት ስታገኙ ርቀቱን ለታክሲው ፍጥነት አካፍሉት። ግማሽ ዕድሜው ያውላችሁ። ሰዓት የያዘ የለም።

በላቦራቶሪው ውስጥ ይህ እንዲህ ይሠራል። ከማፍጠኛ መሣሪያ የሚወጡ ቅንጣቶች አንድ ስስ የብረት ገጽ ይመታሉ። ተመትተው የተነሳሱት አስኳሎች ከዚያ ገጽ ተፈናጥረው ወደ ፊት ይበራሉ። ፊት ለፊታቸው ሌላ ገጽ አለ፤ እሱ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ አራት ኪሎ ማለት እሱ ነው። ከብርሃን ፍጥነት አንድ መቶኛ ይዞ የሚበር አስኳል በአንድ ፒኮሰከንድ 3 ማይክሮሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ግማሽ ዕድሜው 10 ፒኮሰከንድ ቢሆን የአምስት ኪሎና የአራት ኪሎ ርቀት 30 ማይክሮሜትር ነው ማለት ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚህ እጥፍ ይበልጣል። ሰልጣኞች ይህን ስነግራቸው ፀጉራቸውን ነቅለው ያያሉ፤ እኔም ያን ማታ ታክሲ ውስጥ ነቅዬ አይቻለሁ።

ከአንድ ፒኮሰከንድ ላነሰው ሁለቱን ገጾች እንኳ ለማራራቅ ቦታ አይበቃም። ያን ጊዜ አስኳሉ በቀጥታ እንደ ወርቅ ወይም እርሳስ ባለ ወፍራም ብረት ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል፤ እዚያ ውስጥ ፍጥነቱ በፒኮሰከንድ ገደማ ይበርዳል። ታክሲው ፍሬን እየያዘ ሳለ የጮኸ ተሳፋሪ ድምፁ በቀጭንና በወፍራም መካከል ይሆናል፤ ከድምፁ መቅጠን መቼ እንደጮኸ ይገመታል። ይህኛው ብረቱ አስኳሉን እንዴት እንደሚያቆም በደንብ ማወቅን ስለሚጠይቅ እኔን ብዙም አይጥመኝም፤ መንገድ የሚለካው ይበልጥ ቀጥተኛ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራባቸው የቅንጣት ማፍጠኛዎች የሚገኙት በአውሮፓና በአሜሪካ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በአህጉራችን ደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን አጠገብ ያለው ኢቴምባ ላብስ ማፍጠኛና የጋማ ጠቋሚዎች አሉት። ከናንተ መካከል አንዱ አንድ ቀን እዚያ ቢደርስ ይህን ጽሑፍ ያስታውስ።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም ያን ማታ አራት ኪሎ ወርደን ቡና ስንጠጣ ጠይቄያለሁ። መልሱ በራሱ በቃላችን ውስጥ ነው። አስኳል ብለን የሰየምነው ከእንቁላሉ ውስጠኛ ክብ ነገር ወስደን ነው። ሆኖም ከከባዶቹ አስኳሎች ብዙዎቹ አስኳል ሳይሆኑ ራሱን እንቁላሉን ነው የሚመስሉት፤ ሞላላ ናቸው። ይህ እንዴት ታወቀ? በዓይን አይታይም፤ በማንኛውም አጉሊ መነጽር አይታይም። ያሳወቀው በአንድ በኩል ጉልበቱ፣ በሌላ በኩል ዕድሜው ነው።

ሉል የሆነ ነገር በራሱ ላይ ቢሽከረከር መሽከርከሩ አይለይም፤ ምኑም አልተቀየረምና። ሞላላ ነገር ሲሽከረከር ግን ጫፎቹ ሲመጡና ሲሄዱ ይታያል። አስኳሉ ላይ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሙል አለ፤ ጫፎቹ በዞሩ ቁጥር ሙሉ ይወዛወዛል፤ የሚወዛወዝ ሙልም ጨረር ይለቃል። ሞላላነቱ በበረታ ቁጥር ጉልበቱን ቶሎ ይረጫል፤ ዕድሜውም ያጥራል። እርሳስ 208 ሉል ነው፤ 82 ፕሮቶንና 126 ኒውትሮን ሞልተው የተደላደሉበት አስኳል ስለሆነ እሱን ለማነሳሳት ቢያንስ 2.6 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል። የእኔው ዩራኒየም 238 ግን 0.045 ሚሊዮን ብቻ ይበቃዋል፤ ነካ ሲያደርጉት ይሽከረከራል። ዕድሜው ሲለካም አንድ ፕሮቶን ብቻውን ቢወዛወዝ ከሚጠበቅበት ከ200 ጊዜ በላይ ያጠረ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የሚወዛወዘው አንድ ፕሮቶን አይደለም፤ ብዙዎቹ አንድ ላይ ናቸው። ሰሌዳ ላይ ለታይታ የጻፍኳት ቁጥር ትርጉሟ ይህ ኖሯል! «ዩራኒየም ሞላላ ነው» የምትል ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ እኔ ግን ዜሮዎቿን ስቆጥር ነበር። ስለ እነዚህ ሞላላ አስኳሎች እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ላቀረቡት ሐሳብ የኒልስ ቦር ልጅ ኦገ ቦር፣ ቤን ሞተልሰንና ጄምስ ሬይንዎተር በ1975 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ሐሳቡ ጸንቶ እንዲቆም ካደረጉት ማስረጃዎች አንዱ የዕድሜ ልኬት ነው።

ወደ ሙዚየሙ ልመለስ። ጎብኝተን ወጥተን የተቋሙን አውቶቡስ እዚያው አምስት ኪሎ ስንጠብቅ ያችን ሰልጣኝ ጠራኋትና ዕዳዬን መክፈል ጀመርኩ። ሌሎቹም ከበቡን። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ስትገኝ ዕድሜዋን ያወጡት አጥንቷን ለክተው አይደለም፤ በተገኘችበት አካባቢ የተነጠፈውን የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመዱ ውስጥ ፖታሲየም 40 አለ፤ ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። ከመቶ 11 ያህሉ ወደ አርጎን 40 ይለወጣል። አመዱ ትኩስ ሳለ የቀድሞው አርጎን በንኖ ይወጣል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚወለደው ግን እዚያው ታስሮ ይጠራቀማል። የተጠራቀመውን አርጎን መቁጠር ዘመኑን መቁጠር ነው። «ሰዓት የያዘው አመዱ ነው» አልኳት።

ቀጥዬም እኔን ራሴን ሁልጊዜ የሚገርመኝን ነገርኳቸው። ያ አርጎን ሲወለድ፣ ከስንት አንዴ ካልሆነ በቀር፣ ተነሳስቶ ነው የሚወለደው፤ በአንድ ፒኮሰከንድ ገደማ ውስጥ ጋማውን ለቆ ይረጋል። አርጎን ከባድ አስኳል አይደለም፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ቢሊዮን ዓመት የጠበቀ ፖታሲየም፣ ልጁ በፒኮሰከንድ። ይህ ደግሞ አመድ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በእያንዳንዳችን ሰውነት ውስጥ በየሰከንዱ 4,000 ያህል የፖታሲየም 40 አስኳሎች ይለወጣሉ። ያ ሽበታም ረዳት «አንተም ራስህ» ያሉኝ ይህንን ነው። አንዱ ሰልጣኝ ደረቱን በእጁ ያዘ። አይዞህ፣ ስትወለድም ነበረ አልኩት።

ከዚያ ስለ ታክሲው ነገርኳቸው። ታክሲዎቹም እዚያው ፊታችን ይቆሙና ይነሱ ስለነበር ሰሌዳ አላስፈለገኝም። ጨረስኩ ብዬ ዝም ስል ጠያቂዋ ዝም አላለችም።

«እሺ፣ ሰዓት የያዘው መንገዱ ነው። መንገዱንስ ማን ለካው? ከፀጉር ያነሰ ነው ብለዋል።»

የዛሬ ስንት ዓመት ቢሆን «አንቺ ርቀቱን ያዢ» እላት ነበር ይሆናል። ደግነቱ ይህንን አውቀዋለሁ። ሁለቱ የብረት ገጾች ፊት ለፊት ሲቆሙ የኤሌክትሪክ ሙል የሚያጠራቅም ኮንደንሰር ይሆናሉ፤ በተቀራረቡ ቁጥር የሚያጠራቅሙት ይጨምራል። ያን በመለካት በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይታወቃል። ይህንኑ 11ኛ ክፍል ተምራችሁታል፤ ምን ይሠራል ብላችሁ ረሳችሁት እንጂ።

«ፍጥነቱንስ?»

«ድምፁ ራሱ ይናገራል። ከብርሃን አንድ መቶኛ የሚሮጥ አስኳል ፊት ለፊት ሲጮህ የ600 ጋማው 606 ሆኖ ይሰማል። በስድስቷ ልዩነት ፍጥነቱ ይታወቃል።»

ጻፈች። አውቶቡሱ መጣና ተሳፈርን። ቁልቁለቱን ጨርሰን አራት ኪሎን ስንዞር ከኋላ ወንበር ሌላ እጅ ወጣ።